የከተማ አገልጋይ የት ይማር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ በከተማ ለሚያገለግሉ ክርስቲያኖች ስለሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤዎቹ በርከት ብለው መጡ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። ለአንዳንዱ ጥያቄ ረዘም ያለ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ሁለት መስመር መልስ ሰጥቻለሁ። ያጠረበት ሰው አይቀየመኝ፤ ጥያቄው የሚፈልገው ያንኑ ያህል ሆኖ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

«ቀን በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታና በሰንበት በከተማው ዳርቻ ያለች ትንሽ ጉባኤ አገለግላለሁ። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝቻለሁ። አንደኛው ሩቅ አገር ያለ ስመ ጥር የሥነ መለኮት ኮሌጅ ሲሆን ሦስት ዓመት እዚያው ተቀምጦ መማርን ይጠይቃል። ሁለተኛው እዚሁ የምኖርበት ከተማ ውስጥ በማታና በቅዳሜ የሚያስተምር፣ ስሙ ብዙም ያልታወቀ ተቋም ነው። ወዳጆቼ በአንድ ድምፅ ‹ትልቁን ዕድል እንዳታሳልፈው› ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

የሒሳብ ሠራተኛው

ወንድሜ፣ ወዳጆችህ ክፉ አልመከሩህም። ግን የመከሩህ አንተን ነው፤ ጉባኤህን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስልም።

ያንተ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ራሳቸውን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። በ1963 በጓቲማላ የነበረ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ልብ ያለው ነገር ይህ ነበር፦ በጉባኤያቸው ውስጥ በትክክል የሚመሩት ሰዎች ቤተሰብና ሥራ ያላቸው ጎልማሶች ናቸው፤ ሴሚናሪው ውስጥ የሚያድሩት ግን ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ማምጣቱን ትተው ትምህርት ቤቱን ወደ ተማሪው ይዘው ሄዱ። ተማሪው መማሪያውን በቤቱ ያነባል፤ መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ ያወያየዋል። ይህ አሠራር ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች አህጉራት ተሻገረ። የተጀመረው ለገጠር አገልጋዮች ነው፤ ይሁን እንጂ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ጸሎት ቤት ለሚሮጥ የከተማ ሰውም ልክ የተሰፋለት ያህል ነው።

ከተሞቹ የራሳቸውን መንገድ ያበጁት በ1970ዎቹ ነው። በ1976 ጎርደን ኮንዌል የተባለው የአሜሪካ ሴሚናሪ በቦስተን ከተማ ውስጥ የከተማ አገልግሎት ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። የመጀመሪያው መሪ ዶክተር ኤልዲን ቪያፋኜ ነበሩ። ዋናው ግቢ ከከተማው ራቅ ያለና ጸጥ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ ማዕከሉ ግን ሮክስበሪ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራ ጀመረ። ተማሪዎቹ ቀን ሥራ የሚውሉ፣ ብዙዎቹም ቀድሞውኑ ጉባኤ የሚመሩ ሰዎች ነበሩ። ኋላም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይወሰን በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛና በሌሎችም የስደተኞች ቋንቋዎች ይሰጥ ጀመር። በዚያው በ1976 በቺካጎ በርካታ ሴሚናሪዎች ተባብረው ተማሪዎቻቸው የከተማን አገልግሎት ከተማው ውስጥ ገብተው የሚማሩበትን ኅብረት መሠረቱ። የኒውዮርክ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪም በጆርጅ ዌበር አመራር ዘመን ፊቱን በሥራ ላይ ወዳሉት የከተማ መጋቢዎች አዞረ። ዌበር ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኙትም። በ1948 ከጓደኞቻቸው ጋር በኒውዮርክ ከተማ ምሥራቅ ሃርለም፣ ሱቅ የነበሩ ቤቶችን ጸሎት ቤት እያደረጉ አገልግሎት የጀመሩ ሰው ናቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት የማታ ትምህርት ለተቸገረ ሰው የተፈቀደ ምትክ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። አስበውበት ያቋቋሙት፣ የራሱ ምክንያት ያለው የትምህርት መንገድ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሰኞ ማታ ስለ ሐዘንና ስለ ማጽናናት የተማረ ሰው ማክሰኞ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ሩቅ አገር ያለው ተማሪ ይኸንኑ ትምህርት ደብተሩ ላይ ጽፎ ሦስት ዓመት ያቆየዋል።

ለሩቁ ኮሌጅም ግን ፍርድ ይገባዋል። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ለዕብራይስጥና ለግሪክ የሚሰጠው ሰፊ ጊዜ፣ ከሌላ አገር ተማሪ ጋር አንድ ማዕድ መቀመጥ፣ እነዚህን የማታ ትምህርት አይተካቸውም። ገና ወጣት፣ ትዳር ያልያዝህ፣ የምትመራውም ጉባኤ የሌለህ ብትሆን «ሂድ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ባልሁህ ነበር። አንተ ግን በጀመርኸው ሥራ መሐል ያለህ ሰው ነህ። ለሦስት ዓመት የተለየ መጋቢ ሲመለስ ሌላ ጉባኤ ነው የሚጠብቀው፤ ያውም ከተመለሰ። ሄዶ የተማረ ሰው እዚያው የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ የቀረውንም አልወቅስም፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ሚስቱ ሥራ ይዛለች።

አሁን ወደ ማታው ተቋም እንምጣ። ስሙ አለመግነኑ አያስጨንቅህ፤ የሚከተሉትን ግን አጣርተህ ግባ። አስቀድመህ ዕውቅናውን ጠይቅ፦ ማን ሰጠው? ያገኘኸውን ክሬዲት ሌላ ተቋም ይቀበለዋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል። ቀጥለህ መምህራኑን ተመልከት። ስለ ከተማ አገልግሎት የሚያስተምረው ሰው በዚህ ሳምንት የት አገለገለ? መልሱ «ድሮ አገለግል ነበር» ከሆነ አንድ ሁለት እንደዚህ ያለ መምህር ይቻላል፤ ሁሉም እንደዚያ ከሆኑ ግን ሌላ ቦታ ፈልግ። የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የመስክ ልምምዱ ነው። የመስክ ልምምድ የማይጠይቅ ኮሌጅ የለም፤ በወረቀት ላይ ሁሉም አላቸው። አንተ የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ልምምዱን የሚከታተለኝ ሰው ማን ነው? በወር ስንት ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያነጋግረኛል? ስሰብክ፣ ስጎበኝ፣ ስብሰባ ስመራ መጥቶ ያየኛል ወይስ ቅጽ ላይ ይፈርምልኛል? እኔ ለብዙ ዓመት የመስክ ልምምድ ስከታተል ያየሁት፣ ተማሪው የሚለወጠው በዚህ ወንበር ላይ ነው። መጻፉን፣ ማንበቡን፣ ፈተናውን ብልህ ተማሪ ይወጣዋል። «ያችን እናት ለምን አቋረጥካት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚያመልጥበት የለም።

ስለ ዲግሪው ዓይነትም ልንገርህ፤ ስሞቹ ያደናግራሉ። በሰሜን አሜሪካ ሥርዓት ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለው ለሙሉ ጊዜ መጋቢነት የሚያዘጋጅ ሲሆን ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል፤ ሙሉ ቀን ለሚማር ሦስት ዓመት ገደማ ነው። የአርትስ ማስተር ዲግሪ ደግሞ ከ36 ክሬዲት ጀምሮ ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል፣ በአንድ ዘርፍ ላይ የሚያተኩር። ማታ የሚማር ሰው ሁለቱንም በጊዜ ያበዛቸው። ቤተ እምነትህ ለመጋቢነት ሹመት የሚጠይቀው የትኛውን እንደሆነ ሳትጠይቅ አትመዝገብ። አጭሩን ጨርሰው «ይኸ አይበቃም» የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ቀረ። የማታ ትምህርት ጊዜውን የሚወስደው ከየት ነው? ከሥራህ አይደለም፤ ከሚስትህና ከልጆችህ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሽማግሌዎቹን ሰብስብና አሁን ከያዝኸው አገልግሎት አንዱን እንዲቀበሉህ ጠይቅ። የረቡዕ ጸሎት ይሁን፣ የመዘምራኑ ክትትል ይሁን፣ አንዱን። እምቢ ካሉህ ትምህርቱን በአንድ ዓመት አዘግየው።

*

«የጉባኤ ሽማግሌ ነኝ። ከልጆቻችን አንዱ ብርቱ ሰባኪ ነው። ሲጸልይ ቤቱ ይናወጣል። አሁን ማስተርስ ካልተማርኩ ይላል፤ ወጪውንም ቤተ ክርስቲያን ትሸፍንልኝ ብሎ ጠይቋል። እኛ ግን ተምረው የቀዘቀዙ ብዙ አይተናል። ጥሪ ያለው ሰው ዲግሪ ምን ያደርግለታል? ጴጥሮስ የት ተማረ?»

አንድ ሽማግሌ

አባቴ፣ የጴጥሮስን ነገር ካነሡ የጳውሎስንም ላንሣ። ኤፌሶን ትልቅ ከተማ ነበረች። ጳውሎስ በምኩራብ ሲቃወሙት ደቀ መዛሙርቱን ለይቶ በጢራኖስ የትምህርት ቤት አዳራሽ በየቀኑ እየተነጋገረ ሁለት ዓመት አስተማረ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ውጤቱንም ሉቃስ ጽፎታል፦ በእስያ የሚኖሩ ሁሉ የጌታን ቃል ሰሙ። ጴጥሮስም ቢሆን ሦስት ዓመት ያህል ከአንድ መምህር እግር ሥር ያልተለየ ሰው ነው፤ ዲግሪ አልያዘ ይሆናል እንጂ ያልተማረስ አልነበረም።

ቢሆንም ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ተምሮ የቀዘቀዘ ሰው እኔም አይቻለሁ። ሳይማር የቀዘቀዘም አይቻለሁ፤ ለእርሱ ግን ሰበብ አድርገን የምንጠቅሰው ነገር ስለሌለ አንቆጥረውም። ዲግሪ ጥሪ እንደማይሰጥ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። አሜሪካዊውን አገልጋይ ጆን ፐርኪንስን ይመልከቱ፦ ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለሉ ሰው በ1960 ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሚሲሲፒ ተመልሰው ድሆች መሐል ኖሩ፤ በ1989 የክርስቲያን የማኅበረሰብ ልማት ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ የከተማ አገልግሎት የሚያስተምሩ ሴሚናሪዎች ዛሬ የእርሳቸውን ትምህርት ሳያነሡ አያልፉም። ግን ልብ ይበሉ፤ ፐርኪንስ ሳይማሩ የቀሩት ድህነት ከልክሏቸው እንጂ ትምህርት ንቀው አይደለም። የኖሩትም ሌሎችን ሲያስተምሩ ነው።

የልጁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሲጸልይ ቤቱ የሚናወጥለት ወጣት አደጋው ትምህርት አይመስለኝም፤ «ቤቱ ተናወጠ» የሚለው ምስጋና ነው። በከተማ አንድ መጋቢ በአንድ ሳምንት ራሷን ለማጥፋት የሞከረች ተማሪ፣ የሚካሰሱ ወንድማማቾች፣ ከሥራ የተባረረ ዲያቆንና ሱስ የያዘው የመዘምራን አባል ይገጥሙታል። ድምፅን ከፍ አድርጎ መጸለይ የመጀመሪያዋን ልጅ ወደ ሐኪም መቼ መውሰድ እንደሚገባ አይነግረውም። ያንን የሚማረው ከሰው ነው።

ወጪውን ስትሸፍኑ ግን ዝም ብላችሁ አትሸፍኑ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ በጉባኤው ፊት ቆሞ የተማረውን አንድ ነገር ለማንኛችንም በሚገባ ቋንቋ ያስተምር። ማስረዳት ካቃተው ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ተመልሶ ያንብብ። ይህን ያደረገች ጉባኤ አንድ ሰው ከፍላ ብዙ ሰው ታስተምራለች። እርስዎም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠይቁት። እንደ እርስዎ ያለ ተጠራጣሪ ሽማግሌ ለተማሪ ሀብት ነው።

*

«የመጀመሪያ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ወንጌል ልማር ገብቼ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሕዝብ ቆጠራ፣ ስለ ማኅበረሰብ አደረጃጀት አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ሰፈር ሂዱና በእግራችሁ ዙሩ፣ ያያችሁትን ጻፉ› ተባልን። ይህ የሥነ መለኮት ትምህርት ነው ወይስ የልማት ድርጅት ሥልጠና?»

ግራ የገባው ተማሪ

ግራ መጋባትህ ይገባኛል፤ ደስም ይለኛል። ምንም ሳይደናገር የሚያልፍ ተማሪ ያስፈራኛል።

ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ከሦስት ቀን በኋላ ምን አደረገ? አልሰበከም። በሌሊት ተነሥቶ፣ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፣ የፈረሰውን ቅጥር በየበሩ እየዞረ ተመለከተ። ለሕዝቡ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ኤርምያስ በባቢሎን ለተማረኩት የጻፈውንም ታውቃለህ፦ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ወደ እግዚአብሔር ጸልዩ። ሰላሟን ለመፈለግ ምን እንዳጣች ማወቅ አይቀርም። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር ቁጥር ይጠቅሳል፤ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ እንስሶቹም ሳይቀሩ። የሕዝብ ቆጠራ የሚያነብ ተማሪ መጥፎ ወዳጅ አላገኘም።

የእግር ዙረቱን በተመለከተ ግን ስለ አንድ ተማሪ ልንገርህ፤ ክትትል ሳደርግለት የነበረ ነው። ያገለግልበት ከነበረው ጸሎት ቤት ፊት ለፊት ያለውን መንገድ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የተለያየ ሰዓት ቆሞ እንዲመለከት አዘዝሁት፦ ገና ሳይነጋ፣ እኩለ ቀን ላይና ማታ። ቅር እያለው ሄደ። ይዞት የመጣው ማስታወሻ ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሳይነጋ በአውቶቡስ ማቆሚያው የሚሰለፉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የጽዳት ዕቃ የያዙ። ቀን ላይ መንገዱ የሽማግሌዎችና የሕፃናት ነው። ማታ፣ ጸሎት ቤቱ የረቡዕ ፕሮግራሙን በሚጀምርበት በ12 ሰዓት፣ እነዚያ ሴቶች ገና ከሁለተኛ ሥራቸው እየተመለሱ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ በበሩ ያልፋሉ፤ በሩ ላይ መኪኖች ቆመዋል። መኪኖቹ የማን ናቸው? የምዕመናኑ ናቸው። ከሰፈሩ ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ለአምልኮ ብቻ የሚመጡ።

ተማሪው በማስታወሻው ግርጌ አንዲት መስመር ጽፏል፦ «ፕሮግራማችን የተሠራው እዚህ ለማይኖሩ ሰዎች ነው።»

ይህን ከየትኛው መጽሐፍ ያገኘው ነበር? ጉባኤው ለዓመታት «የሰፈሩ ሰው ልቡ ደንድኗል» ሲል ኖሯል። ነገሩ የልብ ጉዳይ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነበር። ቢያንስ ከፊሉ።

ሌላም ልጨምርልህ። ወደ ሰፈር ስትወጣ የጎደለውን ብቻ አትቁጠር፤ ቤተ ክርስቲያን በዚህ በጣም ትስታለች። በ1993 ጆን ክሬትዝማንና ጆን ማክናይት የተባሉ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያስፋፉት አሠራር አለ፦ ሰፈርን ስታጠና የችግሩን ዝርዝር ከመያዝህ በፊት የአቅሙን ዝርዝር ያዝ። ማን ልብስ ይሰፋል? ማን ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ? የሰው ሁሉ ምሥጢር የሚነገራት፣ ለሐዘንም ለደስታም ቀድማ የምትደርስ ሴት ማን ናት? ይህን ስታውቅ «ለእናንተ መጣሁላችሁ» የሚለው ድምፅህ ራሱ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ወንጌል ስትናገር ሰው ለሰው እንደሚያወራ ይሆናል።

ወንጌሉ የት አለ ላልኸው፦ ንባቡን ጨርሰህ ወንጌሉን ካላነሡልህ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ እጅህን አውጣና በክፍል ውስጥ ጠይቅ። ስለ ኪራይ ሲያስተምሩህ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ንስሐና ስለ ጸጋ የማያነሡ መምህራን አሉ። በተቃራኒው ስለ ጸጋ እየሰበኩ፣ ኪራይ መክፈል አቅቷት ከቤቷ የምትወጣዋን ምዕመን ስሟን የማያውቁም አሉ። ሁለቱም አሠልጣኝ አይሆኑህም።

*

«ነርስ ነኝ። በቤተ ክርስቲያኔ ሴት በመጋቢነት አትሾምም፤ በዚያ ላይ ክርክር መክፈት አልፈልግም። ነገር ግን ታማሚዎችን ሳጽናና ‹ለዚህ ነው የተፈጠርሽው› ይሉኛል። የድኅረ ምረቃ የአገልግሎት ትምህርት ለእኔ ዓይነት ሰው ጥቅም አለው?»

የሌሊት ተረኛ

እኅቴ፣ አለው። ምናልባትም ከብዙ መጋቢዎች ይልቅ ላንቺ።

ለሆስፒታል፣ ለማረሚያ ቤትና ለአረጋውያን ማዕከል መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚያዘጋጅ የተለየ ሥልጠና አለ፤ ክሊኒካል ፓስቶራል ኤዱኬሽን ይባላል። ታሪኩ ያስገርማል። አንቶን ቦይሰን የተባሉ አሜሪካዊ አገልጋይ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከዳኑ በኋላ በዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የመንፈሳዊ አገልግሎት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1925 ጥቂት የሥነ መለኮት ተማሪዎችን አምጥተው ከታማሚዎች አልጋ አጠገብ እንዲማሩ አደረጉ። ሰው እንደ መጽሐፍ ሁሉ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል የሚል እምነት ነበራቸው። ዛሬ በአሜሪካ አንድ የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 400 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ከሰዎች ጋር፣ ቀሪው ከቡድኑና ከተቆጣጣሪው ጋር። ሹመት የሌላቸውም ይገቡበታል፤ ብዙ ማስተርስ ፕሮግራሞችም ከክሬዲቱ ይቆጥሩታል።

አሠራሩን ላሳይሽ። ተማሪው ከታማሚ ጋር ያደረገውን ንግግር፣ ክፍሉን እንደለቀቀ፣ ቃል በቃል ከማስታወስ ይጽፈዋል። አንዱ ያቀረበው እንዲህ ነበር፦

ታማሚው፦ «ማታ ማታ መብራቱን አያጠፉትም።»

ተማሪው፦ «እግዚአብሔር ብርሃን ነው፤ ጨለማም በእርሱ ዘንድ የለም።»

ታማሚው፦ «እሺ።»

ተማሪው፦ «እንጸልይ?»

ቡድኑ ዝም አለ። ተቆጣጣሪዋ «ሰውየው ምን አለህ?» ብላ ጠየቀች። ተማሪው ጥቅሱ ትክክል መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። «ጥቅሱን አልጠየቅሁህም፤ ሰውየው ምን አለህ?» አለችው እንደገና። ተማሪው ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ ነበር። «እሺ» ያለውም ጨዋ ስለሆነ ነው።

አንቺ የሌሊት ተረኛ ስለሆንሽ ያንን መብራት ቀድመሽ ታጠፊው ነበር። ይህን በትምህርት አላገኘሽውም። የሚጎድልሽ ምን ይሆናል? አንድ፣ የሥነ መለኮት መሠረት፤ ልጅ የሞተባት እናት «ለምን?» ስትልሽ ዝም የምትዪው ስለማታውቂ ሳይሆን ዝምታው ተገቢ መሆኑን ስለምታውቂ እንዲሆን። ሁለት፣ ከሌላ እምነት ከሆነ ሰው አጠገብ ስትቀመጪ የተሰጠሽን ሥልጣን አላግባብ እንዳትጠቀሚበት የሚገራሽ ሥነ ምግባር፤ የተኛ ሰው ሸሽቶ አያመልጥሽም። ሦስት፣ የራስሽን ሐዘን የት እንደምታስቀምጪ። ነርሶች በዚህ በኩል በጣም ይበደላሉ፤ የሌላውን ችለው የራሳቸውን ይውጣሉ።

ስለ ሹመቱ ክርክር አልከፍትም ካልሽ አንከፍትም። ከመመዝገብሽ በፊት ግን በምትፈልጊው የሥራ መስክ ቀጣሪዎቹ የቤተ እምነት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁ እንደሆነ አጣሪ። ብዙ ቦታ ይጠይቃሉ። ለዚያ ደብዳቤ ሹመት ላያስፈልግ ይችላል፤ መጋቢሽ ግን ምን እንደምትማሪ ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

*

«በማረሚያ ቤት በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ከታራሚዎቹ አንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ በእስር እያለ የሥነ መለኮት ማስተርስ መማር ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አፍሬ ዝም አልሁት።»

ስሜ ይቆየኝ

የሚቻልበት ቦታ አለ። የኒውዮርክ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ ሲንግ ሲንግ በተባለው ጥብቅ ጥበቃ ያለው ማረሚያ ቤት ውስጥ ከ1982 ጀምሮ ለታራሚዎች የማስተርስ ዲግሪ ትምህርት ሰጥቷል። የተመረቁት እዚያው በእስር ላሉ ወንድሞቻቸው አማካሪ፣ አስተማሪና አጽናኝ ሆነው ያገለግላሉ። በምታገለግልበት ማረሚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ አንተ ልትጀምረው አትችልም፤ አንድ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ብቻ እንዲሰጥ ግን መጠየቅ ትችላለህ። አስተማሪ ፈቃደኛ ይሆናል፤ የሚያስቸግረው የማረሚያ ቤቱ ፈቃድና መጻሕፍት ማስገባቱ ነው። ከዚያ ጀምር። ለሰውየውም ሄደህ መልስ ስጠው፤ ዝምታህን «አይገባህም» ብሎ ተርጉሞት እንዳይሆን።

*

«ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ብወስደው ያው አይደለም?»

ሩቅ ያለሁ

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የብሉይ ኪዳን መግቢያ፣ ሥነ መለኮት ከሆነ፣ መምህሩ ጎበዝ እስከሆነ ድረስ ብዙ ልዩነት የለውም። የስብከት ልምምድ፣ የምክር አገልግሎትና የመስክ ሥራ ከሆነ ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ በምትኖርበት ቦታ ፊት ለፊት የሚከታተልህ ብቁ ሰው ኮሌጁ ይመድብልሃል ወይ? ከመደበልህ ተማር። «ራስህ ፈልግ» ካሉህ፣ ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት ፈልገህ አግኝ።

*

«ማስተርሴን ጨርሻለሁ፤ በአገልግሎትም ቆይቻለሁ። አሁን ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ ልጀምር ነው። ከፒኤችዲ በምን ይለያል? ጉባኤዬስ ምን ታገኛለች?»

መጋቢ

ፒኤችዲ ለምርምርና ለማስተማር ነው፤ ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ በሥራ ላይ ላለ አገልጋይ የሚሰጥ የሙያ ዲግሪ ነው። በተለምዶ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ወይም እኩያውን፣ የአገልግሎት ልምድም ይጠይቃል። የሚጨርሰው ከራስህ አገልግሎት በወጣ አንድ የተግባር ጥናት ነው።

ጉባኤህ የምታገኘው እንግዲህ ያንን ጥናት ነው። ርዕሱን ብቻህን አትምረጠው። መምህርህን የሚያስደስት ርዕስ ብዙ አለ፤ አንተ ግን ከምዕመናንህ አምስት ስድስት ሰው ሰብስብ፦ አንድ ወጣት፣ አንዲት ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት፣ አንድ በቅርቡ ወደ ከተማው የገባ፣ አንድ ከጉባኤው ወጥቶ የቀረ። የቀረውን በተለይ አትርሳው። «ለሚቀጥለው ሦስት ዓመት አንድ ጥያቄ ላጠና ነው፤ የትኛው ይሁን?» ብለህ ጠይቃቸው። የሚመልሱልህ ምናልባት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያምር ርዕስ አይሆንም፤ አማካሪህ ያስተካክለዋል። ስታጠናም ከእነርሱ ሁለቱ የጥናቱ ኮሚቴ አባል ይሁኑ፤ ይህን የሚፈቅዱ ብቻ ሳይሆኑ የሚያስገድዱም ተቋማት አሉ። ያንተው ካልፈቀደ ማመልከቻህ ላይ ጻፍና ጠይቅ።

«ዶክተር» የሚለውን ማዕረግ በጸሎት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስለማስጻፍ ደብዳቤህ ግርጌ ያነሣኸውን ጥያቄ ለሽማግሌዎችህ ትቼዋለሁ።